በስንት ትራስ አደርሽ?



እኛ ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ሰላምታችን ረጅም ነው። እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ነሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ቤቱ እንዴት ነው እንባባላለን። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»። መልካም መልስ ነው። በመከራ ውስጥም ሆኖ ማመስገንን ከእግዚአብሔር ቃል ተምረናል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ከዚህ መልስ ጀርባ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ ያደረች እህት አለች። ጠየቅናት፣ መለሰችልን፣ እኛ ግን ምንም ሳናውቅ አለፍን።

በምናመልክበት አጥቢያ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት እህቶች አሉ። አንደኛዋ በዕድሜ ለሌላዋ እናት ትሆናለች። እሑድ ጠዋት ሲገናኙ ሰላምታቸው ከሌሎቻችን ይለያል። ታላቂቱ ጠጋ ብላ «በስንት ትራስ አደርሽ የኔ ልጅ?» ትላለች። ታናሺቱም «በሁለት፣ እትዬ» ትላታለች። «ተመስገን፤ ባለፈው ሳምንት ሦስት ነበር።» ከዚያ በኋላ መዝሙሩ ይጀመራል።

መጀመሪያ ስንሰማቸው ቀልድ መስሎን ነበር። ሁለቱም የልብ ድካም ሕመምተኞች ናቸው። ልብ ሲደክም ሳንባ ውስጥ ውኃ ስለሚቋጠር ሕመምተኛው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ትራስ ይደራርባል፤ ሲብስበት ደግሞ ተቀምጦ ያድራል። ሐኪሞች በስንት ትራስ እንደሚተኛ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ይህች አጭር ጥያቄ «እንዴት ነሽ» የማይደርስበት ቦታ ትደርሳለች። በልማድ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎም አትታለፍም፤ ቁጥር ትፈልጋለችና። እንዲህ አድርጎ ለመጠየቅ የሚቀናው ደግሞ ራሱ በሦስት ትራስ አድሮ የሚያውቅ ሰው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምንፈልገው ይህን ነው፦ የታመመ ሰው ሰውነቱን በየዕለቱ መንከባከቡ የእምነት ጉድለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኞቿ እርስ በርስ እንዲገናኙና እንዲደጋገፉ ቦታ ልትሰጣቸው ይገባል።

ስለ ሕመሙ ጥቂት

የልብ ድካም የሚለው ስም ያስደነግጣል። ልብ ቆመ ማለት ግን አይደለም። ልብ ለሰውነት የሚበቃውን ያህል ደም መግፋት ሲያቅተው የሚመጣ ችግር ነው። በዚህም ምክንያት ውኃና ጨው በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። እግር ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታል፣ ትንሽ ሥራ ያደክማል።

በበለጸጉት አገሮች ይህ በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ነው። በእኛ አገር ግን ገና ትምህርት ቤት ያሉ ልጆችን፣ ወጣቶችንና የልጆች እናቶችን ጭምር ይይዛል። አንዱ ትልቅ ምክንያት በልጅነት በወጉ ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቮች የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት፣ የልብ ጡንቻ መዳከም፣ የልብ ደም ሥሮች መጥበብም ወደዚሁ ያደርሳሉ። በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሚጀምራቸው እናቶችም አሉ። አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና ሊስተካከል ይችላል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ለብዙዎች የልብ ድካም በመድኃኒትና በጥንቃቄ አብረውት የሚኖሩት ሕመም ነው።

የእኛ ጥፋት

ስለ ሌላው ከመናገራችን በፊት ስለ ራሳችን ጥፋት እንናገር። ያቺ ታናሺቱ እህት ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የፈውስ ጸሎት ፕሮግራም ላይ ተጸለየላት። በዚያ ሰሞን ትንፋሿ ቀለል ብሎላት ነበር። ማይክ ተሰጣትና «ጌታ ፈውሶኛል፤ ከእንግዲህ መድኃኒት አልወስድም» አለች። እኛም እልል አልን። «ሐኪምሽ ምን አለሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጫማዋ አልገባ አላት። ለማንም አልተናገረችም፤ በጉባኤ ፊት መስክራ ነበርና። እንደገና ታመምኩ ማለት ምስክርነቷን ማጠፍ፣ ጌታንም ማሳፈር መሰላት። ስልክ ስንደውልላት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለን ነበር። አንድ ሌሊት ወንድሟ ትንፋሽ አጥሯት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኛት። በታክሲ ወደ ድንገተኛ ክፍል አደረሳት። ጌታ ምሕረት አደረገልን፣ ተረፈች። ሆስፒታል ሄደን ስናያት የመጀመሪያ ቃሏ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አሳፈርኳችሁ» የሚል ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነበርን። የዘጋናት በእልልታችን ነው።

መድኃኒትና እምነት

አንዳንዶች «ታዲያ እግዚአብሔር ይፈውሳል የሚለው እምነታችሁ የት ሄደ?» ትሉን ይሆናል። የትም አልሄደም። እግዚአብሔር ዛሬም ይፈውሳል፤ እጅ ጭነን መጸለያችንንም አንተውም። ነገር ግን የጌታን አሠራር በቃሉ ውስጥ ልብ ብለን እንይ። ጌታ ኢየሱስ አንድን ለምጻም ካነጻው በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዞታል (ማርቆስ 1፥44)። በሕጉ መሠረት ለምጽ መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበር። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም። ልብህ ተፈውሶ እንደሆነ ሐኪሙ ያየዋል፣ መድኃኒቱንም የሚያቆመው እሱ ነው። የጌታም ክብር በዚህ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ዐሥራ አምስት ዓመት እንደሚጨመርለት ከእግዚአብሔር አፍ ቃል ተሰጥቶት ሳለ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዟል (2ኛ ነገሥት 20)። ተስፋውም መድኃኒቱም ከአንድ ነቢይ አፍ ወጡ። ሐዋርያው ጳውሎስ በእጁ ብዙ ተአምራት ሲደረጉ ኖሮ፣ ልጁን ጢሞቴዎስን ግን ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ሕመሙ ምን ማድረግ እንዳለበት መክሮታል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23)። ጥሮፊሞስንም ታሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት እንደሄደ ሳያፍር ጽፏል (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን እምነት ጎደለህ አላለውም፤ ጥሮፊሞስንም ኃጢአተኛ አላለውም።

በገላትያ ምዕራፍ 6 ደግሞ የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች እናገኛለን። ቁጥር 2 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዛል። ቁጥር 5 እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። ከልብ ድካም ጋር የሚኖር ሰው ሁለቱም እውነት እንደሆኑ ያውቃል። ሌላ ሰው ሊሸከምለት የማይችለው ድርሻ አለው፤ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውም አለ።

የራስን ሸክም መሸከም

የመጀመሪያው ሚዛን ነው። ጠዋት ከመኝታ ተነሥቶ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ቀለል ባለ ልብስ መመዘንና በደብተር መጻፍ። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ብዙውን ጊዜ የተጠራቀመ ውኃ ነውና ሐኪም ዘንድ መደወል ወይም መሄድ ያስፈልጋል። በእኛ ባህል «ወፈር አልሽ፣ አማረብሽ» ማለት ምርቃት ነው። ለልብ ሕመምተኛ ግን የአደጋ ምልክት ሊሆን ይችላል። እግሯ ያበጠን እህት «ጌታ እንዴት አሳመረሽ» ያልንበት ጊዜ እንዳለ ስናስብ እናፍራለን።

ሁለተኛው ጨው ነው። በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፣ የቀኑ ምግብ ሁሉ ተደምሮ። ችግሩ ጨው የሚገባው ወጥ ሲሠራ ብቻ አለመሆኑ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቷል፣ ሚጥሚጣው ውስጥ አለ፣ ምጥን ሽሮው ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ቋንጣውም ዳቦውም አላቸው። ስለዚህ ለቤቱ የሚሆን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ወጡን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በሎሚ ማጣፈጥ ትልቅ እርዳታ ነው። የጨው ምትክ ተብለው የሚሸጡ ነገሮች ፖታሲየም ስላላቸው ከአንዳንድ የልብ መድኃኒቶች ጋር አደጋ ያመጣሉና ሐኪም ሳይጠየቅ አይጠቀሙባቸው።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። ብዙዎች ሲሻላቸው ያቆሙታል። የተሻላቸው ግን መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ኢናላፕሪል የሚባለው መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ መፍትሔው በራስ ማቆም ሳይሆን ለሐኪም ነግሮ እንዲቀየር ማድረግ ነው። እሑድ እሑድ የሚያሸናውን መድኃኒት የሚዘሉም አሉ። ፕሮግራሙ ረጅም ነው፣ ከመካከል መነሣት ያሳፍራል፣ መጸዳጃውም ሩቅ ነው። ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪም ይጠየቅ። እናንተም በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ጌታ ስለ መነሣታችሁ አይቀየማችሁም። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚታዘዝላቸውን የፔኒሲሊን መርፌ ቀጠሮ እንዳያሳልፉ።

አራተኛው ከፋርማሲ የሚገዛ ማስታገሻ ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የምንወስዳቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውኃ እንዲጠራቀም በማድረግ የልብ ድካምን ያባብሳሉ። ምንም ከመግዛታችሁ በፊት «የልብ ሕመም አለብኝ» በሉ። እርግዝና የምታስብ እህትም አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትመካከር፤ ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ፅንስን ይጎዳሉ፣ እርግዝናውም ልብን ያስጨንቃል።

ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካመመ፣ ራስ መሳት ከመጣ፣ አረፋ ያለው ሮዝ መሳይ አክታ ከወጣ ግን የጸሎት ፕሮግራም እስኪደርስ አይጠበቅም። ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በመንገድ ላይ እየጸለያችሁ ሂዱ፤ ታክሲ ውስጥም ጌታ ይሰማል።

የሌላውን ሸክም መሸከም

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሰምቶ ለዓመታት ብቻውን የሚፈጽም ሰው ጥቂት ነው። ሐኪሙ ወረፋ አለበት፤ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። መጋቢው ይጸልያል፣ ግን ጨው የሌለው ወጥ በልቶ አያውቅም። ቤተሰብ ይወዳል፣ ሆኖም ይሰለቻል፣ ይፈራል። መንገዱን የሄደ ሰው የሚሰጠው እርዳታ ሌላ ነው። «እኔም መጀመሪያ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር፤ ምላሴ የለመደው ቆይቶ ነው» የሚል ቃል ከእሱ ሲመጣ ይታመናል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኤች አይ ቪ ቤቶቻችንን ባራቆተበት ዘመን የተስፋ ጎህና መቅድም የተባሉት ማኅበራት የተቋቋሙት ቫይረሱ በደማቸው ባለ ወገኖች ነው። ፊታቸውን ገልጠው ወጥተው ሌላውን አጽናኑ፤ በኋላም መድኃኒቱ ሲመጣ እንዴት እንደሚወሰድ እርስ በርስ ተማማሩ። ያኔም «ተፈውሰሃልና መድኃኒቱን ተው» የሚል ስብከት ነበር፤ ዋጋም አስከፍሎናል። ያንን ትምህርት ለልብ ሕመምተኞቻችን ዳግም በሕይወት ዋጋ መማር የለብንም።

እውነቱን ለመናገር መደጋገፍ ራሱ ተአምር አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ሁለት ሁለት አድርጎ በስልክ እንዲደጋገፉ አድርጎ ነበር። ተመልሶ ሆስፒታል መግባትን አልቀነሰም፤ ከተመደቡት ብዙዎቹም በስልኩ እምብዛም አልተጠቀሙበትም። ከዚህ የምንማረው የማይተዋወቁ ሰዎችን ስልክ ቁጥር ማቀያየር እንደማይበቃ ነው ብለን እናስባለን። እኛ ዘንድ ግን ትውውቁ አስቀድሞ አለ። በየሳምንቱ አንድ ጣሪያ ሥር እንገናኛለን፣ ቤት ለቤት እንጸልያለን፣ ለቅሶና ሠርግ አብረን እንውላለን። ባለው ኅብረት ውስጥ ይህችን አንዲት ነገር መጨመር ነው የሚቀረው።

ለመጀመር ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይበቃሉ። በወር አንድ ጊዜ ከአምልኮ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ሁሉም የሚዛን ደብተሩን ይዞ ይምጣ። ለብቻው ሚዛን መግዛት ለማይችል በጋራ አዋጥታችሁ ግዙለት። ማንበብ ለማይችል መድኃኒቱን በጠዋትና በማታ ለዩለት፤ ቀጠሮ ላለው አብራችሁት ሂዱ። የትኛው ፋርማሲ መድኃኒቱ እንዳለው፣ የትኛውስ እንደሚቀንስ ተነጋገሩ። በመካከሉ ስልክ ደውሉና ያቺን ጥያቄ ጠይቁ፦ በስንት ትራስ አደርክ?

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። መድኃኒት አትዋዋሱ፤ የአንዱ መጠን ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። በመካከላችሁ የተነገረው ወደ ውጭ አይውጣ። ከመካከላችሁ ተስፋ የቆረጠ፣ መኖር ያስጠላው ካለ ደግሞ «ጸልይ» ብላችሁ ብቻ አትሸኙት። ከዚህ ሕመም ጋር ድብርት ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣልና ለሐኪሙ እንዲነግር እርዱት፤ ብቻውንም አትተዉት።

ለመጋቢዎችና ለሽማግሌዎች

የተወደዳችሁ አገልጋዮች፣ በአክብሮት የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር አለ። የጾም ጸሎት ስታውጁ የልብ፣ የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኞች ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ፣ ምግብና ውኃ ሳይተዉም መጾም እንደሚችሉ ከመድረክ ተናገሩ። ከእናንተ አፍ ካልሰሙት ሕሊናቸው አያርፍም። የታመመ ስትጠይቁ የምትወስዱት ምግብ ጨው ያልበዛበት እንዲሆን አስተምሩ። የፈውስ ምስክርነት የሚሰጥ ሰው መድኃኒቱን ከማቆሙ በፊት እንዲመረመር ምከሩት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ማይኩን ለዳኑት ብቻ አትስጡ። ታሞ ታምኖ የሚኖርም ምስክር ነው። ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያልተወሰደለትን የሥጋ መውጊያ ጽፎ ስለተወልን ስንቶቻችን ተጽናንተናል (2ኛ ቆሮንቶስ 12)?

ጌታን ገና ለምትፈልጉት

ይህን የምታነቡ፣ ትንፋሽ አጥሯችሁ «እግዚአብሔር ረስቶኛል» የምትሉ ወገኖች ካላችሁ፣ ሕመማችሁ የመጣላት ምልክት አይደለም። አራት ሰዎች ሽባውን ጓደኛቸውን ጣሪያ ነድለው ወደ ኢየሱስ ባወረዱት ጊዜ፣ ጌታ የተመለከተው የእነርሱን እምነት እንደሆነ ማርቆስ ጽፏል (ማርቆስ 2)። ለማመን አቅም ያጣችሁበት ቀን ካለ ተሸክሞ የሚያደርሳችሁ ኅብረት እንድታገኙ ጸሎታችን ነው። ጌታ ደካሞችንና ሸክም የከበደባቸውን ወደ እርሱ ጠርቷል። መጀመሪያ ደኅና ሁኑና ከዚያ ኑ አላለም።

ባለፈው ጊዜ በአጥቢያችን የምስክርነት ሰዓት ያቺ ታናሺቱ እህት ተነሣች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ማይኩን ያዘችና «መድኃኒቴን ዛሬ ጠዋት ውጫለሁ። ሌሊት በሁለት ትራስ ተኝቼ አደርኩ። እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ተቀመጠች። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ከኋላ ወንበር እትዬ እልል አሉ፤ እኛም ተከተልናቸው።

ወገኖች፣ በዚህ ሳምንት በአጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው «እንዴት ነህ» ካላችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ መልሱንም ለመስማት ቆዩ።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።